ገበያነሽና ነጩ ዱቄት

ገበያነሽ በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማእድ ቤት ወጥ መሥራት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ዲላ ተምሮ የወጣ ሰው ስሟን ባያውቅ እንኳ ምስር ወጧን ያውቃል። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ሳቋ ከድስቱ ፍላት በላይ ይሰማል። የልጅነት ዕድሜዋን ከዱመርሶ መንደር በላይ ባለው ዳገት ላይ እሸት ቡና በጀርባዋ ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ ነው ያሳለፈችው። ማእድ ቤት ውስጥ ትልቁን ድስት ከእሳት የሚያወርዱት ሁለት ሁለት ሆነው ሲሆን፣ በአንዱ ጎን ገበያነሽ ከቆመች በሌላው ጎን ማንም ይቁም፣ ድስቱ መውረዱ አይቀርም ይባል ነበር።

አምና ክረምት ግን ድስቱ አልወርድም አለ። ገበያነሽና የረጅም ጊዜ ጓደኛዋ መሰረት ግራና ቀኝ ይዘው ብድግ ሲያደርጉት የገበያነሽ ጭን ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበቷ ከዳት። ድስቱ ዘመመና ግማሹ ምስር ወለሉ ላይ ተደፋ። ደግነቱ ማንም አልተቃጠለም። ተማሪዎቹ ግን ያን ቀን ምሳቸውን ዘግይተው በሉ።

ማንም አልተቆጣትም፤ እሷን የባሰ ያመማትም ይኸው ነው። በማግስቱ የማእድ ቤቱ ኃላፊ ጠራትና በትሕትና፦

«እትዬ ገበያነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሽንኩርት መክተፊያው ጋ ቢሆኑ ምን ይመስልዎታል? ሥራው ቁጭ ተብሎ ነው፤ ያርፋሉ» አላት።

ገበያነሽ እሺ ብላ ወጣች። ለመሰረት ግን እየተንጨረጨረች ነገረቻት።

«ያርፋሉ ይለኛል! እኔ ገና በቁሜ ነኝ፤ ምን ሆኜ ነው የማርፈው?»

መሰረት ሳቀች። ገበያነሽ ግን አልሳቀችም። እናቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰው ካልደገፋቸው ከወንበር መነሳት አይችሉም ነበር። ጓሮ ካለው መጸዳጃ ድረስ አቅፋ የምታደርሳቸው እሷ ነበረች። ክብራቸውን የሚወዱ ሴት ነበሩና በእያንዳንዱ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። የጭኗ መንቀጥቀጥ ገበያነሽን ያስታወሳት ያንን ፊት ነው።

በዚያው ሰሞን ጋዲሳ የሚባል የስፖርት ሳይንስ መምህር ወደ ማእድ ቤቱ መጣ። ከባሌ የመጣ ወጣት ነው፤ ገና ሲቀጠር ጀምሮ ከሴቶቹ ጋር ተላምዷል። ያን ቀን ግን ለጨዋታ አልመጣም። ለጥናት የሚሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት በላይ የሆነ ሴቶች እንደሚፈልግ ነገራቸው።

«ምን እንድንሠራልህ?» አለች መሰረት።

«እንድትሮጡ።»

ማእድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋዲሳ ሳቁ እስኪበርድ ታገሠ።

«ረጅም ሩጫ አይደለም። ለጥቂት ጊዜ ያለ የሌለ ኃይላችሁን አውጥታችሁ ትሮጣላችሁ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ትራመዳላችሁ፤ ትንፋሻችሁ ሲመለስ ደግሞ ትሮጣላችሁ። ኢንተርቫል ይባላል። ከሱ ጋር በየቀኑ አንድ ትንሽ ማንኪያ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ ትጠጣላችሁ።»

«የምን ዱቄት?»

«ክሬቲን። ሥጋና ዓሣ ውስጥ አለ፤ ሰውነታችን ራሱም ይሠራዋል። ጡንቻ ድንገት ብዙ ጉልበት ሲያስፈልገው ቶሎ የሚያወጣው ስንቅ በሉት። ግማሻችሁ እሱን ትወስዳላችሁ፤ ግማሻችሁ ደግሞ እሱን የሚመስል፣ ምንም የማያደርግ ዱቄት። ማን የቱን እንደሚወስድ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም።»

«መምህር ሆነህ ካላወቅህማ እኛ በምን ዕዳችን!» አለች መሰረት፤ ቢሆንም ለመመዝገብ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

ገበያነሽ ሽንኩርቷን አስቀምጣ ተነሳች። «ጠረጴዛ ሳልደገፍ ከወንበር መነሳት ያስችለኛል?» ስትል ጠየቀች።

ጋዲሳም መለሰላት፦ «ቃል አልገባልዎትም፣ እትዬ ገበያነሽ። የምንሞክረው እሱን ለማወቅ ነው።»

መልሱ ደስ አላት። ገበያ ላይ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይልም። ደማቸው ተመርምሮ፣ ልባቸው ተደምጦ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ከተባሉ በኋላ ዱቄቱ ተሰጣቸው። ጋዲሳ አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰባቸው፤ ክሊኒክ ከሄዱ ይህን ዱቄት እንደሚወስዱ ለሐኪሙ እንዲናገሩ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ሴቶቹ ከሰልባጅ ተራ በገዙት የስፖርት ጫማ፣ ከሱሪያቸው ላይ ቀሚስ ደርበው ሜዳ ወጡ። ጋዲሳ ፊሽካውን ሲነፋ ገበያነሽ ውሻ እንዳየች ድመት ተፈተለከች። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳንባዋ የት እንደገባ ጠፋት። መሰረት ሣሩ ላይ ተዘርግታ «ለልጆቼ ንገሩልኝ፣ እወዳቸው ነበር» ትላለች። ተማሪዎች ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት ላይ ተደርድረው «ማዘር፣ በርቺ!» ይላሉ። አንዱ ደግሞ «ማዘር፣ ተመለሺ፣ ወጡ እያረረ ነው!» ብሎ ጮኸ። ገበያነሽ ለዚያኛው በጌዴኦኛ የመለሰችለትን ማንም አልተረጎመለትም።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ ደግነት ገና ከሥራ መግባቱ ነበር። የቡና መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቱ ማሳ ወደ ዱመርሶ ይወጣል። ዝምተኛ ሰው ነው። ላቧንና የጋለ ፊቷን አየና፦

«ማን አባረረሽ?» አላት።

«ማንም። በገዛ ፈቃዴ ነው የሮጥሁት።»

ሩጫውን ነገረችው፤ ዱቄቱን ግን አልነገረችውም። የደግነት ወንድም አንድ ጊዜ ከመንገድ ላይ «የጉልበት» ተብሎ የተሸጠለትን ነገር ጠጥቶ ለሞት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግነት ከቡና በቀር ዱቄት ሆኖ የሚጠጣ ነገር ቤቱ እንዲገባ አይወድም። ስለዚህ ክሬቲኑ ይሁን የማስመሰያው፣ ያልታወቀው ነጭ ዱቄት በባዶ የሚጥሚጣ ጣሳ ውስጥ ተቀመጠ።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ የተለወጠው የቀሚሷ ወገብ ነው፤ ጠበባት፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ ጨምራለች። ደነገጠች። ጋዲሳ ጡንቻ ውሃ ሲይዝ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነገራት። ቀጥሎ የተለወጠው ትንፋሿ ነው። ከዚያ ጭኗ። አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፋ ስትጨርስ ሁለቱም እጆቿ ሳህን እንደያዙ ቀጥ ብላ ከወንበሯ ተነሳች፤ ምን እንዳደረገች የገባት በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ እንደገና ተነሳች። መሰረት አይታ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት። ገበያነሽ ዕንባዋን በክርኗ ጠርጋ «ሽንኩርቱ ነው» አለች።

አንድ ቅዳሜ ከደግነት ጋር ዱመርሶ ወጣች። ወደ አማቾቿ ቤት የሚያወጣው ዳገት በዝናብ የረጠበ፣ በእንሰትና በቡና ተክል መሃል የሚጥመለመል ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ደግነት ቀድሞ ይወጣል፤ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ቆሞም ይጠብቃታል። ያን ቀን ዋርካው ሥር የቆመችው እሷ ነበረች። ደግነት እያለከለከ ደረሰ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ጫማዬ ውስጥ ድንጋይ ገብቶ ነው።»

ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ጠበቀችው።

«አሁንስ?»

«በሌላኛው ጫማዬ» አለ ደግነት ቀና ሳይል።

እንዲህ ደስ እያላት ሳለች ነው ትኩሳት የያዛት። ደግነት ገበያው አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ወሰዳት። ወጣቱ ጤና መኮንን ጠንቃቃ ነበርና ለወባ ብቻ ሳይሆን ለኩላሊትና ለጉበትም ደሟን አስመረመረ። ወባ አልነበረባትም። የቀረውን ውጤት ግን አየት ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ።

«እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የባህል መድኃኒት፣ ዱቄት፣ ምንም ነገር?»

ደግነት አጠገቧ ተቀምጧል። ገበያነሽ የጋዲሳን አደራ አስታወሰች፤ የባሏን ፊት ደግሞ አየች።

«ምንም የለም» አለች።

«ደም ውስጥ ክሬቲኒን የሚባል ነገር አለ። የእርስዎ ከልክ በላይ ነው። ኩላሊትዎ በደንብ እየሠራ እንዳልሆነ ሊያሳይ ይችላል። ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል መታየት አለብዎት።»

ገበያነሽ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። ክሬቲኒን! ጣሳው ውስጥ ያለው ክሬቲን ነው፤ ደሟ ውስጥ የተገኘው ክሬቲኒን። በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ዱቄቱ ኩላሊቷ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ረግቶ ታያት። ራሷን በገዛ ማንኪያዋ ገደለች፤ ይህንንም ለማንም መናገር አትችልም። ከሰፈሯ ኩላሊቱን ለማሳጠብ በየሳምንቱ ሀዋሳ የሚመላለስ ሰው ነበረ፤ እስኪሞት ድረስ ታውቀው ነበር።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች መጥተው እየዘመሩ ጸለዩላት። ልጇ አብይ ባጃጁን አቁሞ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ኩላሊት ለመስጠት የሚስማማው ማን እንደሆነ ስልኩ ላይ ያነባል። ገበያነሽ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ማንንም ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች። ትኩሳቱ ለቋታል፤ ረሃብ ሆዷን ይሞረሙረዋል። ሆኖም እየሞተ ያለ ሰው ቆጮና ጎመን አምጡልኝ ማለቱ አሳፈራት።

መሰረት ከሥራ ስትወጣ መጣች። ገበያነሽ ከሳጥኗ ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ አስወጥታ መሰረት ጭን ላይ አኖረችው።

«ላንቺ ነው» አለቻት።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ትኩሳት ብቻ ነው ብለውኝ!»

ገበያነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ኩላሊቴ ነው። ያ ዱቄት ጨረሰኝ። ክሬቲኒን ሆኖ ደሜ ውስጥ ተገኘ» ብላ አንሾካሾከች።

መሰረት ማንሾካሾክ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ዱቄቱ?!» ብላ ጮኸች። «ለሐኪሙ ዱቄት እወስዳለሁ አላልሽውም እንዴ? ጋዲሳ ተናገሩ ሲለን እኮ ለጌጥ አይደለም!»

መዝሙሩ ቆመ። ደግነት ከጓዳው በር ላይ «የምን ዱቄት ነው?» አለ። መሰረት ስልኳን አውጥታ ለጋዲሳ ደወለች።

ጋዲሳ የሩጫ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በሞተር ብስክሌት እየከነፈ መጣ። መጀመሪያ በራሱ ተናደደ፤ ይህ ምርመራ ዱቄቱን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ከፍ ሊል እንደሚችል ቀድሞ በግልጽ ማስረዳት ነበረበት። ከዚያ ሁሉንም በአብይ ባጃጅ አሳፍሮ ጥናቱን ወደሚከታተሉት ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ሀብተ ጊዮርጊስ ወሰዳቸው። ሁሉንም ማለት ገበያነሽን፣ ደግነትን፣ መሰረትን፤ ባጃጁ ያልያዛቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን እኅቶችም በሌላ ባጃጅ ተከተሉ።

ዶክተሩ ሸምገል ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ውጤቱን አዩ፤ መጨረሻ የሮጠችው መቼ እንደነበረ፣ ምን እንደበላች ጠየቋት። ከዚያ «ገበያነሽ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?» አሏት።

«ወጥ ሠሪ ነኝ።»

«በእንጨት አብስለሽ ታውቂያለሽ?»

«እድሜ ልኬን።»

«እንግዲያው ይገባሻል። ክሬቲን እንጨቱ ነው፤ ክሬቲኒን አመዱ። ኩላሊት ደግሞ አመዱን የሚጠርገው ነው። አመድ በዝቶ ሲታይ ጠራጊው ታሟል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ክሊኒክ ያየሽ ልጅ ትክክል ነው። ግን አንቺ በየቀኑ እንጨት እየጨመርሽ ነበር። እንጨት ሲበዛ አመድም ይበዛል፤ ጠራጊው ጤነኛ ቢሆንም።»

ገበያነሽ ቀና አለች። «ታዲያ አልሞትም?»

«አንድ ቀን ትሞቻለሽ። በዚህ ግን አይመስለኝም። ቢሆንም በግምት አልሸኝሽም። ዱቄቱን አቁሚ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመን እናያለን። አመዱን ሳንቆጥር ኩላሊትን የሚለካ ሌላ ምርመራ አለ፤ ደምሽን ለእሱ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ።»

ያን ቀን ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ደግነት የሚጥሚጣውን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፊቷ ተቀመጠ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

«ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ዝም ትላለህ እንጂ። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታህ ነው።»

ደግነት ዝም አለ። ዝም ማለቱን ሲያውቅ ደነገጠና ቶሎ ብሎ ተናገረ፦ «ዱመርሶ ዳገት ላይ ስትጠብቂኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አልነገርሁሽም። ከኋላ ሆኜ ሳይሽ እንዳገባሁሽ ጊዜ ነው የሆንሽብኝ።»



መጠበቁ ቀላል አልነበረም። ዶክተሩ ቢያጽናናትም ሌሊት ሌሊት ወገቧን በእጇ እየነካች ኩላሊቷን ታዳምጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የተላከው ውጤት ቀድሞ ደረሰ፤ ኩላሊቷ ደህና ነው። ሁለተኛው ምርመራም ክሬቲኒኑ ድሮ ወደነበረበት መመለሱን አሳየ። ዶክተር ሀብተ ጊዮርጊስ ሲነግሯት ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከወንበሯ የተነሳችበት ፍጥነት እሳቸውንም አስደነገጣቸው። ደግነት ደጅ ሆኖ በአንድ እጁ ግድግዳውን፣ በሌላው ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ደህና ነኝ» ስትለው ኮፍያውን ደፋ፤ አወለቀ፤ መልሶ ደፋ።

ማእድ ቤት ስትመለስ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏት። ከእልልታው በኋላ ግን ክስ መጣ።

«ለካ እውነተኛውን ስትጠጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ!» አለች አንዷ። ደሟ ምስጢሩን አውጥቶባታል።

«ቀሚሴስ?» አለች ገበያነሽ ወደ መሰረት ዞራ።

መሰረት ቀሚሱን እሑድ ዕለት ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳበታለች። «ኩላሊትሽን እግዚአብሔር መልሶልሻል» አለቻት፤ «ቀሚሱን ግን ለኔ ነው የሰጠሽው።»

ጥናቱ ሲያልቅ ጋዲሳ ሴቶቹን ሰብስቦ የአቮካዶ ጁስ ጋበዛቸውና ውጤቱን ነገራቸው። የሮጡት ሁሉ፣ ዱቄቱ የቱም ይሁን፣ ከበፊቱ ይልቅ ትንፋሻቸው ረዝሟል፤ ከወንበርም ቶሎ ይነሳሉ። እውነተኛውን ክሬቲን የወሰዱት በእግር ጉልበት ትንሽ በልጠው ተገኝተዋል። «ትንሽ ነው ያልኩት» አለ ጋዲሳ፤ «እናንተም ጥቂት ሴቶች ናችሁ። በዚህ ብቻ ተነስቼ አልምልም። ትልቁን ሥራ የሠራው ሩጫው ነው።»

«እኔስ የቱን ነበር የምጠጣው?» አለች መሰረት። «አትንገረኝ፣ አውቀዋለሁ። ገና በጠጣሁ በሰዓቱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ይሰማኝ ነበር።»

ጋዲሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እርስዎ... የማስመሰያውን ነው።»

ሳቁ እስከ ተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ተሰማ። መሰረት ግን እጅ አልሰጠችም። «እንግዲያው የኔ አጥንት በባዶውም ይጠነክራል ማለት ነዋ!» ብላ የገበያነሽን ጁስ ጨምራ ጠጣች።

ለገበያነሽ ዶክተሩ ብትፈልግ ዱቄቱን መቀጠል እንደምትችል ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን ይቅርብኝ አለች። ሩጫውን አልተወችም። ወደ ኃላፊው ቢሮ ገብታ፣ ወንበር ሲስብላት ሳትቀመጥ፣ ወደ ድስቱ መመለስ እንደምትፈልግ ነገረችው። ሰውየው አመነታ። ተያይዘው ማእድ ቤት ሄዱና በአንዱ ጎን እሷ፣ በሌላው አዲስ የተቀጠረች ልጅ ሆነው ድስቱን ሲያወርዱ ቆሞ አየ። ልጅቷ ደክሟት ትንፋሽ ስታሰባስብ፣ ገበያነሽ ክዳኑን አንስታ ጨው ትቀምስ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ሩጫ አለ። ከማእድ ቤቱ ሌላ የቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኞች፣ የገበያ ሴቶችና ሁለት ጡረተኛ አስተማሪዎችም ይመጣሉ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ደግነትም መጣ። ጋዲሳን በቁም ነገር ሰላም አለና «ልጄ፣ ለወንድ ይከለከላል?» ሲል ጠየቀው። እንደማይከለከል ሲሰማ ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። የመጀመሪያውን ዙር ከሴቶቹ ሁሉ ቀደመ። ሁለተኛውን አብሯቸው ሮጠ። ሦስተኛው ላይ ገበያነሽ ፍጥነቷን ቀንሳ አጠገቡ ሆነች፤ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ትንፋሹ እስኪመለስ አብራው ተራመደች።

ሲጨርሱ በዋናው መንገድ ዳር አናናስ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆመው አንድ አናናስ አስላጡ። ደግነት ሁለት ቁራጭ በልቶ ሦስተኛውን አነሳ። አፉን ሞልቶ «የሚመጣው ቅዳሜስ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አላት። ገበያነሽ በሳቅ አገጯ ላይ የሚወርደውን የአናናስ ውሃ በእጇ ጠረገችና ሰዓቱን ነገረችው።